ሙቀትና ጥም በሠራተኛ አካል ላይ፤ ከናይሮቢ ምርምር ለገበሬ የሚተርፍ ትምህርት

ናይሮቢ የሚለው ስም የተወሰደው ከማሳይ ቋንቋ ሲሆን፣ ትርጓሜውም «ቀዝቃዛ ውኃ» ማለት ነው። ስሟን ከወንዝ የወረሰችው ይህች የኬንያ ዋና ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ አየሯ ለስላሳ፣ ሌሊቷም ብርዳማ ነው። ስለዚህ ሙቀት በሠራተኛ አካል ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ለመማር ወደ ናይሮቢ መመልከት በመጀመሪያ ሲሰሙት ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዚህችው ከተማና በአካባቢዋ የሠሩ ሊቃውንት አህያን፣ የዱር እንስሳትንና ሸክም የሚሸከሙ ሴቶችን እየመረመሩ ያገኙት ዕውቀት፣ በጠራራ ፀሐይ ለሚሠራ ገበሬና ለሚያሠራው ባለ እርሻ ሁሉ የሚጠቅም ሆኖ ተገኝቷል።

የዚህ ዕውቀት ፍሬ ነገር በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። ሥራ የሚሠራ አካል ሙቀትን የሚቀበለው ከፀሐይ ብቻ አይደለም፤ ከራሱም ውስጥ ያመነጫል። የሚያመነጨውንም ሙቀት አውጥቶ የሚጥለው በውኃ ነው። ውኃው ከጎደለ ሙቀቱ በውስጥ ይቀራል፤ በውስጥ የቀረ ሙቀትም መጀመሪያ ጉልበትን፣ ቀጥሎ አእምሮን፣ በመጨረሻም ሕይወትን ይነካል። ይህን ጉዳት ለመከላከል የሚያስፈልገው ነገር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ ውኃ፣ ጥላ፣ ዕረፍትና የሥራ ሰዓትን ማስተካከል ነው።

ሙቀት ከየት ይመጣል?

ሰው ሲያርስ፣ ሲቆፍር፣ ሲያጭድ ወይም ሲሮጥ፣ ከበላው ምግብ ከሚያገኘው ኃይል ወደ ሥራ የሚለወጠው ከአምስት እጅ አንዱ፣ ቢበዛም ከአራት እጅ አንዱ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በዚህ ረገድ የሰው አካል ከመኪና ሞተር ጋር ይመሳሰላል፤ ሞተሩ መኪናውን ከሚገፋበት ኃይል ይልቅ በሙቀት የሚያባክነው ይበልጣል፤ ስለዚህም ማቀዝቀዣ ውኃው ያለቀበት መኪና በዳገት መካከል ይቆማል።

ዕረፍት ላይ ያለ ሰው የሚያወጣው ሙቀት በቀድሞው ጊዜ የቤት መብራት ከነበረው የ100 ዋት አምፖል ሙቀት ጋር ይተካከላል። በብርቱ የሚቆፍር ሰው የዚህን አራትና አምስት እጥፍ፣ ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሯጭ ደግሞ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ያወጣል። በብርቱ የሚሠራ ሰው ሙቀቱ ሁሉ በውስጡ ታምቆ ቢቀር ኖሮ፣ የሰውነቱ ሙቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ዲግሪ ያህል ከፍ ይል ነበር። የጤነኛ ሰው የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ሲሆን፣ 40 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ከባድ አደጋ ስለሚያሰጋ፣ ሰው አንድ ሰዓት እንኳ ሠርቶ በሕይወት ሊሰነብት ባልቻለ ነበር።

ይህ እንዳይሆን የሚጠብቀው ላብ ነው። ላብ ከቆዳ ላይ ተንኖ ሲደርቅ ሙቀትን ይዞ ይሄዳል፤ አንድ ሊትር ላብ ተንኖ ሲያልቅ 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ከሰውነት ያስወግዳል። ሆኖም ላቡ መትነን አለበት። አየሩ እርጥበት በበዛበት ጊዜ ላቡ ሳይተን ከግንባርና ከጀርባ ስለሚንጠባጠብ ውኃው ይባክናል እንጂ አካሉ አይቀዘቅዝም። በዚህ ምክንያት ዝናብ ባባራ ማግሥት በቆላ ያለው እርጥብ ሙቀት፣ በቴርሞሜትር ሲለካ ከበጋው ደረቅ ሙቀት ያነሰ ሆኖ ቢታይም፣ ለሠራተኛው የባሰ ሊሆን ይችላል።

የሙጉጋ ሊቃውንት ከአራዊት ያገኙት ትምህርት

ከናይሮቢ በስተ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በሙጉጋ፣ የምሥራቅ አፍሪካ የእንስሳት ሕክምና ምርምር ድርጅት ይባል የነበረው ተቋም ነበር። ዛሬ ይህ ሥፍራ በኬንያ የእርሻና የእንስሳት ምርምር ድርጅት ሥር ይገኛል። በ1960ዎቹ ዓመታት አሜሪካዊው ሊቅ ሪቻርድ ቴይለር የአፍሪካ የዱር እንስሳት ውኃ በሌለበት ሐሩር እንዴት እንደሚኖሩ በዚያ መረመረ። ሳላ የተባለው ቀንዳም የዱር እንስሳ ውኃ ሲያጣ ላቡን በከንቱ አያፈስም፤ ይልቁንም የሰውነቱ ሙቀት ከፍ እንዲል ይተወዋል። በምርመራ ክፍል ውስጥ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሲደርስ እንኳ ጉዳት ሳያገኘው ታይቷል። በቀን የሰበሰበውን ሙቀት ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ ያለ ውኃ ወጪ ያስወግደዋል። የግመልም ጠባይ ይህንኑ የመሰለ ነው፤ ክኑት ሽሚት ኒልሰን የተባለው ሊቅ በ1950ዎቹ በሰሐራ በረሃ ባደረገው ምርመራ፣ ውኃ የተከለከለ ግመል የሰውነቱ ሙቀት ጧት 34 ዲግሪ ያህል ሆኖ ከሰዓት በኋላ ወደ 41 ዲግሪ እንደሚደርስ አሳይቷል።

እንዲህ ያለ ሙቀት አንጎልን ሳይጎዳ እንዴት ሊቀር ይችላል የሚለው ጥያቄ ቀጥሎ መጣ። ቴይለር ከቻርልስ ላይማን ጋር ሆኖ በ1972 ባወጣው ጽሑፍ፣ የቶምሰን የሜዳ ፍየል በፈጣን ሩጫ ላይ ሳለች የአንጎሏ ሙቀት ከደሟ ሙቀት ወደ 3 ዲግሪ በሚጠጋ መጠን ያነሰ መሆኑን ገለጸ። ምክንያቱም ወደ አንጎል የሚሄደው ደም እንደ መረብ በተጠላለፉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ፣ ከአፍንጫ ቀዝቅዞ በሚመለሰው ደም አጠገብ ስለሚያልፍ ሙቀቱን ይቀንሳል። ይህ መረብ በበሬ፣ በበግና በፍየልም ይገኛል። ሰው ግን የለውም፤ አህያና ፈረስም የላቸውም። ስለዚህ የሰው ደም ሲሞቅ አንጎሉም አብሮ ይሞቃል። የሰው መከላከያው ላቡ ብቻ ነው፤ በላብ ብዛት ሰውን የሚስተካከሉት እንስሳት ጥቂቶች ናቸው።

የአህያ ትዕግሥትና የሰው ጥም

በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ኬንያዊው ሊቅ ጄፍሪ ማሎይ በ1970 ያወጣው ምርመራ የሶማሌ አህያን የውኃ አጠቃቀም የሚመለከት ነበር። አህያ ከግመል ጋር የሚወዳደር ትዕግሥት አላት። ከሰውነቷ ክብደት ሩብና ከዚያ በላይ የሚሆነውን በውኃ ጥም ብታጣ እንኳ በሕይወት ትቆያለች፤ ውኃ ባገኘችም ጊዜ የጎደላትን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ጠጥታ ትተካለች። የጠጣችው ከጎደላት ጋር የተመጣጠነ ነው፤ አያንስም፤ አይበልጥም።

ሰው በዚህ ረገድ ከአህያ ያነሰ ነው። ከክብደቱ ከመቶ አሥሩን ያህል በውኃ መልክ ያጣ ሰው ሥራ ሊሠራ ቀርቶ ሕይወቱ በአደጋ ላይ ትወድቃለች። ከዚህም የከፋው የሰው ጥም ታማኝ መለኪያ አለመሆኑ ነው። በ1940ዎቹ ዓመታት ኤድዋርድ አዶልፍና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በረሃዎች ወታደሮችን ሲመረምሩ፣ ውኃ በአጠገባቸው እያለ እንኳ ሰዎቹ በላብ ያወጡትን ያህል እንደማይጠጡ አረጋገጡ። ጥሙ ይቆረጣል፤ ጉድለቱ ግን ይቀራል። የሚሞላውም አብዛኛውን ጊዜ በምግብ ሰዓት፣ ከምግቡና ከጨው ጋር ነው። እነዚሁ ሊቃውንት በዚያ ዘመን ተስፋፍቶ የነበረውን አንድ የተሳሳተ አሳብም አፈረሱ፤ ይኸውም ሰውን ውኃ እየቆጠቡለት ቢያሠለጥኑት ያለ ውኃ መሥራትን ይለምዳል የሚለው ነው። አካል ሙቀትን ሊለምድ ይችላል፤ የውኃ እጦትን ግን አይለምድም። እንዲያውም ሙቀትን የለመደ ሰው ላቡ ቶሎ የሚጀምርና የሚበዛ በመሆኑ የሚያስፈልገው ውኃ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ውኃ ሲጎድል በአካል ውስጥ የሚሆነው

በብርቱ ሥራ ላይ ያለ ሰው በሐሩር ጊዜ በአንድ ሰዓት አንድ ሊትር ያህል ላብ ያወጣል፤ ሥራውና ሙቀቱ ሲበረታ ሁለት ሊትርም ሊደርስ ይችላል። ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰው 1.2 ሊትር ውኃ ሳይተካ ቢያጣ ከክብደቱ ከመቶ ሁለት ጎደለበት ማለት ነው። በዚህ መጠን ጉልበቱ መድከም፣ ጥንቃቄውም መላላት ይጀምራል። ማጭድና መጥረቢያ ለያዘ ሰው የጥንቃቄ መላላት ራሱ አደጋ ነው።

የድካሙ ምክንያት በደም ውስጥ ይገኛል። ላብ የሚቀዳው ከደም ነው፤ ላብ በበዛ ቁጥር የደሙ መጠን ይቀንሳል። በሌላ በኩል ደግሞ ደሙ በአንድ ጊዜ ሁለት ጌቶችን እንዲያገለግል ይጠየቃል፤ ጡንቻ ለሥራው፣ ቆዳም ለማቀዝቀዣው ይፈልጉታል። በዚህ ጊዜ ልብ ያነሰውን ደም እየደጋገመ ለመርጨት ስለሚገደድ አመታቱ ይፈጥናል። ወደ ቆዳ የሚሄደው ደም ሲያንስም ላቡ ይቀንሳል፤ የሰውነት ሙቀትም ይጨምራል። ከክብደት ከመቶ አንድ በጎደለ ቁጥር የሰውነት ሙቀት ከዲግሪ አንድ ዐሥረኛ እስከ ሁለት ዐሥረኛ ያህል ተጨማሪ ከፍታ እንደሚያሳይ ተለክቷል። ጥምና ሙቀት አንዱ ሌላውን እየገፋ የሚያባብስ ክፉ ባልንጀራዎች መሆናቸው ከዚህ ይታያል።

ኩላሊትም ከዚህ ጉዳት አያመልጥም። በማዕከላዊ አሜሪካ በኒካራጓና በኤል ሳልቫዶር ሸንኮራ አገዳ የሚቆርጡ ብዙ ወጣት ሠራተኞች የስኳር በሽታም ሆነ የደም ግፊት ሳይኖርባቸው በኩላሊት በሽታ ተይዘው ሞተዋል። የበሽታው መንስኤ በሙሉ ተመርምሮ ባያልቅም፣ በየቀኑ በሐሩር ውስጥ ያለ ዕረፍት መድከምና የውኃ ጉድለት ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው ሊቃውንቱ ይስማማሉ። ውኃ፣ ጥላና ዕረፍት በሥርዓት በተሰጠባቸው የአገዳ እርሻዎች የኩላሊት ጉዳት መቀነሱም ታይቷል። በመተሐራና በሌሎች የቆላ አገሮች አገዳ ለሚያለሙ ሁሉ ይህ ምሳሌ ቸል የሚባል አይደለም።

ደገኛ ወደ ቆላ ሲወርድ

የናይሮቢና የአዲስ አበባ ሰው በደጋ አየር ያደገ በመሆኑ ሳንባውና ደሙ ለረጅም ሩጫ የተመቸ ነው ይባላል። ነገር ግን የደጋ ብርታት ለቆላ ሙቀት ዋስትና አይሆንም። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው በ2019 በካታር ዋና ከተማ በዶሃ የተደረገው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ነው። የቀኑን ሙቀት ለመሸሽ ሩጫው እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ቢጀመርም፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ፣ የአየሩም እርጥበት እጅግ ከፍተኛ ነበር። ከተሰለፉት 68 ሯጮች 28ቱ ሳይጨርሱ ቀሩ። ከእነዚህም መካከል በደጋ አየር የሠለጠኑት ሦስቱ የኢትዮጵያ ሯጮች ይገኙባቸው ነበር። ያሸነፈችው የኬንያ ልጅ ስትሆን፣ የወሰደባት 2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ ለታላቅ ሯጭ እጅግ የዘገየ ነው። ይህም ብልሃት ነበር፤ በሐሩር ጊዜ ቀስ ብሎ የጀመረ ይጨርሳል፤ ፈጥኖ የጀመረ በመንገድ ይቀራል።

ሯጮቹ በዚያች ሌሊት ሐኪም፣ በረዶና ውኃ በየመንገዱ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። በየዓመቱ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ እየተነሡ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሰሊጥ እርሻ ለሥራ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ግን ይህን የመሰለ ዝግጅት አይጠብቃቸውም። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ አገር ተነሥተው ከ1,000 ሜትር በታች ወደሆነ ሜዳ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ጉዞ ይደርሳሉ፤ በማግሥቱም ሥራ ይጀምራሉ። ሰሊጥ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ በሰዓቱ ካልታጨደ ቋቱ ተከፍቶ ፍሬው ይረግፋል። ባለ እርሻው ይቸኩላል፤ ሠራተኛውም ሥራውን በቁርጥ የተዋዋለ ከሆነ ገንዘቡን ለማብዛት ቀትርን ሳያርፍ ይሠራል። በሁለቱም ወገን ያለው ጥድፊያ በቂ ምክንያት አለው፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ጥድፊያ ነው።

አካል ሙቀትን ለመልመድ ከሰባት እስከ ዐሥራ አራት ቀን ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ የደሙ መጠን ይጨምራል፤ ላቡ ቶሎ ይጀምራል፤ በላብ የሚወጣውም ጨው ይቀንሳል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም የሚሰጠው ምክር ለቆላው አዲስ የሆነ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን በሙቀት ውስጥ የሚሠራው የሙሉ ቀን ሥራ አምስተኛውን ብቻ እንዲሆን፣ ከዚያም በየቀኑ አንድ አምስተኛ እየተጨመረለት እንዲሄድ ነው። በመኸር ጥድፊያ ይህን በሙሉ መፈጸም ባይቻል እንኳ፣ አዲስ መጤውን በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ጧትና ማታ ብቻ ማሠራት፣ ቀትር ላይ ደግሞ በጥላ ሥር ነዶ እንዲያስር ወይም መሣሪያ እንዲሞርድ ማድረግ ይቻላል። በሙቀት ሳቢያ ከሚሞቱት የቀን ሠራተኞች ብዙዎቹ የሚሞቱት በሥራቸው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀኖች መሆኑ በልዩ ልዩ አገሮች ታይቷል።

ሸክምና ሙቀት

ማሎይ ከቴይለርና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር በ1986 ያወጣው ሌላ ጥናት በዓለም ዘንድ ታዋቂ ሆኗል። የሉኦ ሴቶች በራሳቸው፣ የኪኩዩ ሴቶች ደግሞ በግንባራቸው ላይ በሚያልፍ ጠፍር ሸክም ሲሸከሙ የሚያወጡት ኃይል ተለካ። ከልጅነታቸው የለመዱት እነዚህ ሴቶች ከሰውነታቸው ክብደት እስከ አምስተኛ እጅ የሚደርስ ሸክም ሲይዙ፣ ባዶ እጃቸውን ከሚሄዱበት የበለጠ ኃይል አላወጡም። ከዚያ ሲበልጥ ግን የሚወጣው ኃይል ከሸክሙ ጋር ይጨምራል። በኋላ በደቡብ አፍሪካ የተደረገ ጥናት ይህ ችሎታ በሁሉም ሴት ዘንድ እኩል እንዳልሆነ አሳይቷል።

የዚህ ትርጉም ለእኛ አገር ግልጽ ነው። ብዙ ኃይል ማለት ብዙ ሙቀት ማለት ነው፤ ብዙ ሙቀትም ብዙ ውኃ ይፈልጋል። ክብደቷ 50 ኪሎ የሆነች ሴት 10 ኪሎ ስትሸከምና 25 ሊትር የሚይዝ ጄሪካን ውኃ አዝላ ዳገት ስትወጣ በአካሏ ላይ የሚደርሰው ፈጽሞ የተለያየ ነው። እንስራም ሆነ ጄሪካን ተሸክማ ከሩቅ ምንጭ የምትመለስ ሴት፣ ለቤቷ ውኃ ለማምጣት ስትል የራሷን ውኃ በመንገድ ላይ ታፈሳለች። ስለዚህ ከምንጩ ሳትነሣ ጠጥታ መነሣቷ፣ ጉዞዋንም በማለዳ ማድረጓ፣ በተቻለም ጊዜ ሸክሙን ለአህያ መስጠቷ ይመረጣል። የውኃ ጉድጓድን በመንደር አቅራቢያ ማስቆፈርም የጤና ሥራ መሆኑን ሹማምንት ሊያስቡት ይገባል።

በሬና አህያ

የአገራችን ገበሬ ጎህ ሲቀድ ጠምዶ ፀሐይ ሲበረታ የሚፈታው በልማድ ብቻ አይደለም፤ ልማዱ ከሳይንስ ጋር ይስማማል። በሬ የሚያመነጨው ሙቀት ሲበዛበት ይለከልካል፤ አፉን ከፍቶ ምላሱን ያወጣል፤ አረፋ ይደፍቃል። እንዲህ ያለው በሬ ከሞፈር መፈታትና በጥላ ሥር መቆም ይገባዋል እንጂ ጅራፍ አይጨመርበትም። ሻኛ ያላቸው የአፍሪካ ከብቶች ቆዳቸው ሰፊ፣ ጠጉራቸውም አጭር በመሆኑ፣ ላባቸውም ስለሚበዛ፣ ከአውሮፓ ከመጡት ዝርያዎች ይልቅ ሙቀትን ይችላሉ። ስለዚህ የፈረንጅ ላም ወይም ክልስ ያረባ ሰው ጥላና ውኃ አስቀድሞ ያሰናዳ። አህያም ትታገሣለች ተብሎ ቸል አትባል። ማሎይ ያሳየው አህያ ጥምን እንደምትችል ነው እንጂ ጥም እንደማይጎዳት አይደለም። ከዳገት መልስ ወዲያው ውኃ ታግኝ፤ የፈለገችውን ያህልም ትጠጣ።

ሊደረግ የሚገባው

ሠራተኛ ጥም እስኪሰማው ድረስ መጠበቅ የለበትም። በሐሩር ጊዜ በብርቱ የሚሠራ ሰው በየ15 ወይም በየ20 ደቂቃው ሩብ ሊትር ያህል፣ ይኸውም አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ እንዲጠጣ ይመከራል። በአንድ ሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ መጠጣት ግን አይገባም። ከመጠን ያለፈ ውኃ በደም ውስጥ ያለውን ጨው ስለሚያቀጥነው ራሱ በሽታ ያመጣል፤ በ2002 በቦስተን ማራቶን ከተመረመሩት ሯጮች ከመቶ ዐሥራ ሦስቱ ይህ ጉድለት ተገኝቶባቸዋል። በላብ የሚወጣው ጨው የሚተካው በምግብ ነው። ጨው ያለው ወጥና እንጀራ፣ ወይም ጨው ጣል ተደርጎበት የተበጠበጠ በሶ ለዚህ ተስማሚ ነው። ጠላና አረቄ ጥም የሚቆርጡ ቢመስሉም አካልን ለሙቀት አሳልፈው ይሰጣሉ። ውኃ መበቃቱን ለማወቅ ሽንትን መመልከት ይበቃል፤ ቀለሙ የገረጣ ከሆነ ደኅና ነው፤ ከጠቆረና ካነሰ ውኃ ጎድሏል።

ሥራው ከጧቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ እስከ 4 ወይም 5 ሰዓት ቢቀጥል፣ ከዚያም እስከ 9 ሰዓት ዕረፍት ሆኖ በማታው ቀዝቃዛ አየር እንደገና ቢጀመር፣ የሚጠፋው ሰዓት በብርታት ይካሳል። ሠራተኞች ለብቻቸው ሳይሆን ሁለት ሁለት ሆነው ቢሠሩ አንዱ የሌላውን ሁኔታ ይመለከታል፤ አእምሮው የደከመ ሰው የራሱን ድካም አያውቅምና።

የራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝና የጡንቻ መኮማተር የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው። እነዚህ የታዩበት ሰው ሥራውን ትቶ በጥላ ሥር ይረፍ፤ ይጠጣ። ንግግሩ የተዘባረቀ፣ የሚንገዳገድ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ግን በሙቀት ምት ተይዟልና አንድ ደቂቃ እንኳ ሊዘገይበት አይገባም። በብዙ ሥፍራ እንዲህ ያለውን ሰው «ምች መታው» በማለት ዳማከሴ ጨምቆ ማሽተትና መሸፈን የተለመደ ነው። መሸፈን ግን ሙቀቱን ያጸናበታል። ልብሱ ወልቆ በተገኘው ቀዝቃዛ ውኃ መነከር፣ ገንዳ ከሌለም መላ አካሉ በውኃ እየራሰ መራገብ አለበት። ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ በአፍ አይሰጥም። ወደ ጤና ጣቢያ መወሰዱ የግድ ነው፤ ሆኖም መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፣ ቀጥሎ ይወሰድ የሚለው ደንብ ብዙ ሕይወት አድኗል።

የሹማምንትና የባለ እርሻዎች ድርሻ

የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የአየር ጠባይ ድርጅት በ2025 ባወጡት የጋራ ሪፖርት፣ ሙቀትን፣ እርጥበትን፣ ነፋስንና የፀሐይን ጨረር በአንድነት በሚመዝነው መለኪያ ከ20 ዲግሪ በላይ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሠራተኛ ምርት ከመቶ ሁለት እስከ ሦስት እንደሚቀንስ ገልጸዋል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም በ2019፣ በሙቀት ምክንያት በ2030 በዓለም ላይ የሚባክነው የሥራ ሰዓት ከ80 ሚሊዮን ሰዎች ሙሉ ሥራ ጋር የሚተካከል እንደሚሆን፣ ከዚህም ከመቶ ስድሳው በእርሻ ላይ እንደሚወድቅ ገምቷል። እንግዲህ ለሠራተኛው ውኃና ጥላ ማዘጋጀት ምጽዋት አይደለም፤ የባለ እርሻው የራሱ ጥቅም ነው።

ሕጉም ከዚህ ጋር ይስማማል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። ይህን ግዴታ በሰሊጥ ማሳና በአገዳ እርሻ ላይ ወደ ሥራ ለመለወጥ ረቂቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በየማሳው ዳር ክዳኑ የተዘጋ ንጹሕ የውኃ በርሜል፣ በሸራ ወይም በሣር የተሠራ ዳስ፣ የዕረፍት ሰዓት የሚጠራ አንድ ሰውና የሙቀት ምት ምልክቶችን የሚያውቅ ካቦ ይበቃሉ። የወረዳ የእርሻና የጤና ሠራተኞች ደግሞ ሠራተኛው ወደ ቆላ ከመውረዱ በፊት በአውቶቡስ መነሻ ላይ ምክር ቢሰጡት፣ ታሞ ከሚያክሙበት ይልቅ በቀላሉ ይረዱታል።

ሰሊጡ ሳይረግፍ መታጨድ እንዳለበት ሁሉ፣ የሚያጭደውም ሰው ሳይወድቅ መጠጣትና ማረፍ አለበት። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው የአባቶች ቃል ለሠራተኛ አካልም ይሠራል። ከመኸሩ በፊት የሚገዛው አንድ በርሜልና የሚተከለው አንድ ዳስ፣ በመኸሩ መካከል ከሚጠፋ ሰው ጋር ሲመዛዘን ዋጋው ምንም ያህል አይደለም።